ባለን ነገር አምሮ ስለ መኖር

አምሮ መኖር የባለጸጋ ሰው ዕድል ብቻ ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ አለ። ይህ አሳብ በእኛም ቤት ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ነበርና፥ በምን ዓይነት መንገድ እንዳስወጣነው ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ብንነግር የሚቀየመን ሰው አይኖርም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። አስቀድመን ግን ይታወቅልን፤ የምንጽፈው ምክር አይደለም፤ በቤታችን የሆነውን ነገር ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው ሥራው ሁሉ የተቃናለት ሊሆን ይገባዋል፤ የእኛ ሥራ ምን ያህል እንደ ተቃና ግን ስለ ወንበሩ በምንናገርበት ስፍራ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነን፤ ባለቤታችንም በትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቲቱ 13 ዓመቷ፥ ወንዱ 8 ዓመቱ ነው። የምንኖረውም በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ በላይ፥ ሁለት ክፍል ባለው የኪራይ ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. ለታናሽ እኅታችን ሠርግ 60,000 ብር ተበድረን ነበር። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነቀለ፤ ዕዳው ግን እንደ ተተከለ ቀረ። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ወጣ፤ ዘይቱም፥ ሳሙናውም፥ የልጆች ጫማም ተከታትለው ሄዱ፤ ከውጭ ያልመጣውም የመጣውን አይቶ ተከተለ። ደመወዛችን በወሩ መጨረሻ ይገባል፤ በአዲሱ ወር በአምስተኛው ቀን ግን ስሙ ብቻ ይቀራል።

ሰው ችግርን በብዙ መንገድ ይታገሣል። ሥጋ ቢቀር ይቀራል፤ ልብስ ቢያረጅ ታጥቦ ይለበሳል። እኛን የጎዳን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንግዳ መፍራት ጀመርን። በር በተንኳኳ ቍጥር ባለቤታችን «ምን አቀርባለሁ» እያለች ፊቷ ይለወጥ ነበር። እኛም በበኩላችን ወዳጆቻችን ሲጠሩን ምክንያት እየሰጠን መቅረት ለመድን፤ የበላ ማብላት አለበትና። ከጥቂት ወር በኋላ የሚጠራንም የሚያንኳኳም ሰው ጠፋ። ሴት ልጃችን አንድ ቀን «በዓል ሲሆን በሩን ለምን እንዘጋለን?» ብላ ብትጠይቀን የምንመልሰው አጣን። በሰው ፊት መልካም መስለን ለመታየት ስንል በተበደርነው ገንዘብ ምክንያት ከሰው ፊት መሸሸጋችን አሁን ሲያስቡት የሚያስቅ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን አላሳቀንም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አማታችን ከምንጃር መጡ። ባላቸው ካረፉ በኋላ በአገር ቤት ብቻቸውን መቀመጣቸው ባለቤታችንን እንቅልፍ ስለ ነሣት፥ ለምናና አልቅሳ አመጣቻቸው። ይዘው የመጡትም አንዲት ከረጢትና በቆዳ የተለበጠ አሮጌ አገልግል ብቻ ነው። በመስኮቱ አጠገብ ተነጥፎላቸው ከጧት እስከ ማታ ይቀመጡ ነበር። ብዙ አይናገሩም፤ ምግብ ሲቀርብላቸው ግማሹን ልጆቹን ያጐርሳሉ፤ ውኃ እንኳ ሲጠጡ የሚቈጠርባቸው ይመስል ቀስ ብለው ነው። ገንዘባችን ማነሱን ያለ ነጋሪ ዐውቀውት ኖሯል። አንድ ቀን ማታ እራት ከተነሣ በኋላ «ልጆቼ፥ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ጥጥ ግዙልኝ» አሉ። ባለቤታችን «እማዬ፥ ጥጥ ለምን?» ብትላቸው፥ «ዐይኔ ሳይደክም መገነዣዬን ልፍተል። ያን ቀን ደግሞ ለእርሱ ብላችሁ እንዳትበደሩ» ብለው መለሱ።

ባለቤታችን ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ብዙም ቈየች። እኛም የዚያን ሌሊት እኩሌታ ሳንተኛ አሳለፍነው። በነጋው ግን መርካቶ ወርደን ጥጡን ገዛን፤ የሚሠራበትን ነገር በልባችን ሳንቀበለው።

ተነድፎ የተዘጋጀ ባዘቶ ገዝተን ብንመለስ፥ አማታችን በእጃቸው ዳስሰው መለሱልን። ማን እንደ ነደፈው አይታወቅም፤ አቧራም አለበት፤ ፍሬው ያልወጣ ጥጥ አምጡ አሉን። ስለዚህ ሁለተኛ ወረድን። የሚዳመጥበትን ልሙጥ ድንጋይ ከወንዝ ዳር በትከሻችን ተሸክመን አመጣን፤ ብረቱንም ከምናለሽ ተራ፥ ከአሮጌ ብረታ ብረት መካከል መርጠን ገዛነው። ደጋኑን ራሳቸው ከቀርከሃ ቈልምመው ጅማት ወጠሩበት። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት ሴትዮ ሌላ ሰው ሆኑ። ጥጡን በድንጋዩ ላይ አድርገው ብረቱን በላዩ እያንከባለሉ ሲገፉት፥ ፍሬው እየተፈለቀቀ በፊት በኩል ይወጣል፤ ጥጡም ንጹሕ ሆኖ በኋላ ይቀራል። ፍሬው የወጣለትን ጥጥ የደጋኑን ጅማት እያስጮኹ ሲነድፉት እንደ ጉም ይነፋል፤ ይህ ነው ባዘቶ የሚባለው። የደጋኑ ድምፅ አንድ ዓይነት ዘፈን ነው፤ ታናሹ ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመንገድ ላይ ሰምቶት እየሮጠ ይገባ ነበር።

ፈትሉ ደግሞ የሚደረገው በእንዝርት ነው። አማታችን ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፥ በቀኛቸው እንዝርቱን በጭናቸው ላይ ያሾሩና ወደ ታች ይለቁታል፤ ክሩም ከጣታቸው መካከል እንደ ሸረሪት ድር ይወጣል። ይህን የሚያደርጉት ወደ ሥራው ሳይመለከቱ፥ ከሰው ጋራ እየተጫወቱ ነው። ሴት ልጃችን ልሞክረው ብላ የፈተለችው የመጀመሪያው ክር አንድ ጊዜ ገመድ፥ አንድ ጊዜ ጠጕር ሆኖ ቢታይ፥ አማታችን «ይህ እንኳ በግ ያስራል» ብለው ሳቁ። በቤታችን ሲስቁ የሰማናቸው በዚያን ቀን መጀመሪያ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የምትፈትል አሮጊት በመስኮት በኩል ትታያለች። አስቀድማ አንዲት ጐረቤታችን «እማማ፥ እንደምን ዋሉ» ብላ ገባች፤ እናቷ ትፈትል እንደ ነበር ተናግራ ሳትቀመጥ ሄደች። በማግስቱ የራስዋን ጥጥ ይዛ መጣች። ከሳምንት በኋላ ሦስት ሆኑ። እንግዳ መጣ ተብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም፤ የመጡት ለመብላት ሳይሆን እጃቸው ሥራ ይዞ ለመጫወት ነውና። ቡናውን በየተራ ያመጣሉ፤ አንዷ ፍሬውን፥ አንዷ ከሰሉን፥ ሌላዪቱ ቈሎውን ይዛ ትመጣለች። ቡና ዛሬ ርካሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ለአራት ሰው የተፈላ ቡና ለአምስተኛው ውኃ ቢጨመርበት የሚነቅፈው የለም፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ የተባለውም ሥርዓት ራሱ ከአንድ ጀበና ብዙ ጨዋታ የሚያወጣ ብልኃት ነው። እኛ ብዙ ወር ሙሉ የተዘጋውን በር ለመክፈት ስንት ገንዘብ ያስፈልጋል እያልን ስናሰላ ነበር፤ የከፈተው ሁለት ኪሎ ተኩል ጥጥ ነው።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚቀርበውን ነገር ማሰብ ግድ ሆነ። አማታችን በቤታችን የነበረውን በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ሽሮ ቀምሰው «ይህ ሽሮ ነው ወይስ የግድግዳ ልስን?» ብለው ነበር። የገጠር ዘመዶቻቸው የላኩትን ሽምብራ ለቀም አድርገው፥ ዐመስ አድርገው፥ ከክተው ገለባውን አስወገዱ፤ በርበሬውን፥ ነጭ ሽንኵርቱን፥ ዝንጅብሉን፥ ኮረሪማውን፥ በሶብላውን፥ ነጭና ጥቁር አዝሙዱን በልክ በልኩ መጥነው አደረቁትና ወደ ወፍጮ ቤት ላኩት። ምጥን ሽሮ የሚባለው ይህ ነው። ሲፈላ ሽታው ከግቢው በር ይቀበላል። እኛ የምንለው ነገር አለ፤ ሽሮን የድኻ ወጥ ያደረገው ድኽነት ሳይሆን ስንፍና ነው፤ በሚገባ ከተመጠነ ሽሮ ፊት ብዙ የሥጋ ወጥ ያፍራል።

ስለ ጾም ወጥ ነገር ከተነሣ ደግሞ፥ አገራችን በዚህ በኩል ያላት ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ የምንረሳው ይመስለናል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩበት ጾመኛ ሰው ከዓመቱ ውስጥ እኩሌታውን ያህል ሥጋና ቅቤ አይቀምስም። ስለዚህ እናቶቻችን በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ ከእህልና ከቅባት እህል ብቻ ማዕድ ማስዋብን ተምረዋል። ሱፉ ተቈልቶ፥ ተወቅጦ፥ በውኃ ተጠልሎ እንጀራ ሲፈተፈትበት፤ ምስሩ ተቀቅሎ በሰናፍጭ አዚፋ ሲሆን፤ ባቄላው እርሾ ይዞ ስልጆ ሲሆን፥ ወጪው ጥቂት፥ ጣዕሙ ግን ብዙ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው በእኛ አስተያየት የሽምብራ ዓሣ ነው። የሽምብራው ዱቄት ከሽንኵርትና ከቅመም ጋራ በዘይት ታሽቶ ይዳመጣል፤ በቢላዋም በዓሣ መልክ ይቈረጣል፤ ጅራቱም፥ ክንፉም፥ ዐይኑም ይወጣለታል። ከዚያ በጥቂት ዘይት ይጠበስና በቍሌቱ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ይበስላል። ቅርጽ ማውጣቱ የልጆች ሥራ ነው፤ የታናሹ ልጃችን ዓሣዎች አንዳንዱ ወደ አዞ ያደላል።

አንድ ረቡዕ ቀን በመሥሪያ ቤታችን ከፍ ያለ ሥልጣን ያላቸው ሰው በመንገድ ሲያልፉ ዝናም አስገድዷቸው ወደ ቤታችን ገቡ። ይህ ነገር ከዓመት በፊት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንሆን አናውቅም። በዚያን ቀን ግን አማታችን የሰፉት መሶብ ቀረበ፤ በመሶቡም ላይ ከሽሮው ጐን ዐሥር ዓሣዎች ተደርድረው መጡ። እንግዳችን ጾመኛ ናቸውና ጥቂት ግር አላቸው፤ ቢሆንም ለጨዋነት ብለው «ዓሣው ከዝዋይ ነው ወይስ ከጣና?» አሉ። ታናሹ ልጃችን «ከምንጃር ነው!» ብሎ መለሰ። በምንጃር ምን ሐይቅ እንዳለ ሲያስቡ ቈይተው አንዱን ቈርሰው ቀመሱና ሳቁ፤ ከዐሥሩም ሰባቱን በሉ። ዝናሙ ካቆመ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ።

ወንበሩን በሚመለከት እውነቱን መናገር ይገባናል። እንግዳ መምጣት ሲበዛ መቀመጫ አነሰን። እኛም የሴቶቹን ሥራ አይተን ቅናት ያዘን፤ ወንድ ልጅ እጁን አጣምሮ መቀመጥ አይገባውም ብለን ከምናለሽ ተራ የዕቃ ሣጥን እንጨት ገዝተን ወንበር ሠራን። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ቀለም ቀብተነው በመስኮቱ ፊት ባስቀመጥነው ጊዜ ከፈረንጅ ሱቅ የመጣ ይመስል ነበር። የባለቤታችን አጎት፥ ሰውነታቸውም ክብራቸውም ከባድ የሆነ ሽማግሌ፥ ለጥምቀት መጡና በክብር በእርሱ ላይ እንዲቀመጡ ለመንናቸው። ጠጁን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ሳለ ወንበሩ አንድ ጊዜ ጮኸና አራት እግሩን ዘርግቶ ተኛ። ሽማግሌው ከመሬት ላይ ሆነው ብርሌያቸውን እንደ ያዙ፥ «ልጆቼ፥ በዚህ ቤት የሚቀመጠው መሬት መሆኑን አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ራሴ እቀመጥ ነበር» አሉ። በኋላ አንድ አናጢ አይቶት የነገረን፥ ስስ እንጨትን በጫፉ በምስማር መምታት መሰንጠቅ መሆኑን፥ በእግሮቹም መካከል ማሰሪያ ያላደረግን መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች በየወሩ አንድ አንድ እየገዛን አራት አደረስናቸው፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ባይስተካከልም አይናወጥም። የወንበሩም እንጨት አልባከነም፤ የጤና አዳም መትከያ ሆነ።

ግድግዳውን በአንድ ቅዳሜ ኖራ ቀባነው። ባለቤታችን ብዙ ዘመን ታጥቦ የሳሳውን ነጠላዋን ጥለቱን ቈርጣ በመጋረጃው ጫፍ ሰፋችው። የላስቲክ አበባውን ለቈራሌው ሰጠነው፤ እርሱም ሲወስደው ያመሰገነን አይመስለንም። በመስከረም አደይ፥ በሌላው ጊዜ የተገኘው ቅጠል ይበቃል። ሴት ልጃችንም ከአያቷ ስፌት ተማረች። ሰንደዶና አክርማ ክረምቱ ሲያልፍ በመስከረም ሲታጨድ ነው የሚያምረው፤ እርሱን ለማግኘት እስከ ከተማው ዳር ድረስ ሄደን ነበር። በወስፌ እየወጋች፥ አለላውን እያስገባች የመጀመሪያዋን ሙዳይ ለመጨረስ አራት ወር ፈጀባት፤ ክዳኑ ከአፉ ጥቂት ሰፋ ቢልም የአያቷን ቀለበት የምታስቀምጠው በእርሱ ነው።

ቤቱ እንዲህ ከሆነ በኋላ ወደ ውጭ መውጣት ደግሞ አማረን። የሽርሽር ነገር ሲነሣ ሰዎች ስለ ላንጋኖና ስለ ሶደሬ ያወራሉ፤ የመኪና ኪራዩንና የማደሪያውን ዋጋ ስንሰማ አፋችንን እንዘጋ ነበር። አሁን ግን በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእግራችን ልንሄድ ተስማማን። የአማታችን አገልግል ከተሰቀለበት ወረደ፤ ቆዳው ቅቤ ተቀብቶ ለሰለሰ። በውስጡ ፍትፍት ይደረጋል፤ ክዳኑ ሲገጠም ሙቀቱ እስከ ቀትር ድረስ ይቈያል። ይህ ዕቃ ለመንገደኛ የተሠራ መሆኑን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ዛሬ ለጌጥ በግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ አይበላበትም።

መጀመሪያ የወጣነው ወደ እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ መንገዱ ይከብዳል፤ አማታችን ግን የደጋ ሰው እንዳልሆኑ ሁሉ ከእኛ ቀድመው ይወጡ ነበር። በላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ፥ አጤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት የእንጦጦ ማርያም አለች፤ በአጠገብዋም ቤተ መንግሥታቸው ቆሟል። ልጆቻችን ቤተ መንግሥት ሲባል የጠበቁት ሌላ ነበርና፥ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራውን፥ ኖራ የተቀባውን ቤት ሲያዩ «ይህ ነው?» አሉ። ሴቲቱ ልጅ ግድግዳውን ዳስሳ «ኖራው እንደ እኛ ቤት ነው» አለች። ከዚያ ብርዱ የጸናበት ኰረብታ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርደው ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ከተማዪቱን አዲስ አበባ ብለው እንደ ሰየሟት፥ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ፍትፍቱን እየበላን ነገርናቸው። ያ ቀን የጨረሰው ወጪ የሙዚየሙ መግቢያና ሲመለሱ ለአማታችን የያዝነው ታክሲ ብቻ ነው።

በሌላ እሑድ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው የድንቅነሽ አጥንት አምሳያ በሚታይበት ክፍል አማታችን ብዙ ቆሙ። ልጃችን ጽሑፉን እያነበበች 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን ነገረቻቸው። ቍጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፥ ታዲያ ይህችን የገነዛት ሰው የለም?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ግራ ገብቷት ወደ እኛ ተመለከተች፤ «የለም፥ እማማ፤ በአሸዋና በደለል ተሸፍና ነው የቈየችው» አልናቸው። «መገነዣ ሳይኖራት ይህን ሁሉ ዘመን!» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሌላው ክፍል ሄዱ። በመንገድ ላይ ሁሉ ዝም ብለው ነበር፤ ቤት እንደ ደረሱ ግን ሌላውን ቀን ይልቅ እያፈጠኑ ፈተሉ።

ልቃቂቱ በቅርጫት ሞልቶ ፈትሉ በተጨረሰ ጊዜ ወደ ሽሮ ሜዳ ይዘነው ወረድን። እዚያ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሰዎችና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። የምናውቀው ሸማኔ በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ፥ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ፥ በአውራ ጣቱ መርገጫውን እየሳበ፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልክ ነበር። ድሩ ከሱቅ የተገዛ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእጅ የተፈተለው ሲሆን ነው ሸማ የሚለሰልሰውና ሙቀት የሚሰጠው። ልቃቂቱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበና በሁለት ጣቱ ሳበው። «እንዲህ ያለ ፈትል ከመጣልን ብዙ ጊዜ ነው» አለ። አማታችን መልስ አልሰጡም፤ አገጫቸው ግን ጥቂት ቀና አለ።

ሸማኔውም «ምን ይሠራ?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ባለቤታችንን አየን፤ ባለቤታችንም መሬት መሬቱን አየች። አማታችን ጥቂት ከቈዩ በኋላ «ጋቢ» አሉ። እርሱ ግን የሥራ ሰው ነውና በዚህ አልተወም፤ «ጥለት ይግባበት ወይስ ነጭ ይሁን?» አላቸው። ለመገነዣ የሚሆን ሸማ ጥለት እንደማይፈልግ በዚያ ቤት ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። በመንገዱ ላይ አህያ የምትነዳ ልጅ ታልፍ ነበር፤ እስክታልፍ ድረስ ተመለከቷት። ከዚያ በኋላ «ይግባበት፤ ቀጭን ይሁን፤ አረንጓዴ» አሉ።

ጋቢው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። አራት እጥፍ ሆኖ፥ ወፍሮ፥ ነጭ ሆኖ፥ በጠርዙ እንደ ሣር ቅጠል የቀጠነ አረንጓዴ ያለበት ነው። አማታችን በክንዳቸው ለክተው፥ ጥለቱ በአንድ በኩል ጥቂት መጣመሙን አሳይተውን፥ አጣጥፈው ለባለቤታችን ሰጧት። «ለእንግዳ ይሁን፤ ሌሊት የሚቈይ ሰው ቢመጣ የሚለብሰው አይጣ» አሉ። ይህን ስንጽፍ ከዕዳው 4,000 ብር ቀርቶናል። ጋቢውን እስከ ዛሬ አምስት ሰዎች አድረውበታል፤ ከነርሱም አንዱ ያ ከወንበሩ የወደቁት ሽማግሌ ናቸው፤ በርጩማውን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው አይተው ነው የተቀመጡበት። እርሳቸው የሄዱ ዕለት ማታ አማታችን ባዶውን ቅርጫት ወደ እኛ ገፋ አድርገው «ጥጡ አልቋል» አሉን።